የእሜቴ ሁለት ጥላሸቶች

ክንፉ ማሞቂያ አይወድም። ሳን ሊያንድሮ ውስጥ የሚኖርበት አሮጌ አፓርትመንት በየክፍሉ የብረት ራዲያተር አለው፤ ቅዝቃዜው ሲጠና ከምድር ቤት በሚመጣ እንፋሎት ይሞቃል። የጎረቤቶቹ ያፏጫል፣ ያንኳኳል፣ ቤቱን ያሞቃል። የሱ ግን ከገባበት ቀን ጀምሮ ቁልፉ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ እንደተዘጋ ነው። ታኅሣሥ ሲመጣ ካፖርቱን ደርቦ፣ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ስቦ ሶፋው ላይ ኩርምት ይላል። የሕንጻው ተቆጣጣሪ ሰውዬው ለገንዘቡ ሳስቶ መስሎት ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር። "ፍሪ ነው፣ ፍሪ" ይለዋል ራዲያተሩን መታ መታ እያደረገ። ክንፉም "አይ ላይክ ኮልድ" ብሎ ይሸኘዋል። ውሸቱን ነው። ብርድ የሚወድ ሰው ጉልበቱን በሁለት ብርድ ልብስ አይጠቀልልም።

ከሱዳን በስደተኝነት እዚህ አገር የገባ ሰሞን ሥራ አስቀጣሪዋ ሴትዮ ፎርሙን አይታ "ቦይለር ታውቃለህ አይደል?" አለችውና ወደ አንድ ሆስፒታል ላከችው። ምድር ቤት ወረደ። ከበሩ ጀርባ ያ ድምፅ፣ ያ የሚያውቀው ረጅም ትንፋሽ ሲመጣ እጁን እጀታው ላይ አድርጎ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ደረጃውን ተመልሶ ወጣ። ሃያ ሁለት ዓመት የኦክላንድ ወደብ ላይ በትራክ ኮንቴይነር ሲጎትት ኖረ። ትራክ በናፍጣ ነው የሚሄደው፤ አይተነፍስም።

አሁን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሚስት አግብቶ ፈቷል፤ ልጅ አልወለደም። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር ወርዶ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ከሀብተሥላሴ ጋር ይቀመጣል። ሀብተሥላሴ የድሮ ምድር ጦር ነው፤ ትራክም አብረው ነድተዋል። ድምፁ ከሦስት ጠረጴዛ በላይ ይሰማል።

"ባሕር ኃይል ነበርኩ ትላለህ" ይለዋል ሁልጊዜ። "ባሕሩን የት አየኸው? አንተ የወንዝ ኃይል ነህ።"

"ወንዝም ውሃ ነው።"

"መርከቡም በማገዶ የሚሄድ። ሰው በጄት ሲዋጋ እናንተ እንጨት ትሰብሩ ነበር።"

"እንጨቱን ባንሰብር ቁስለኛህን ማን ያወጣልህ ነበር?"

"እሱስ እውነት ነው" ይላል ሀብተሥላሴ፣ ጉርሻውን እየጠቀለለ። "በተኮሳችሁት ግን የቆሰለው ዛፍ ብቻ ነው።"

ይስቃሉ። ሀብተሥላሴ የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው።

መርከቧ በወረቀት ላይ "የወንዝ ተዋጊ መርከብ ቁጥር ሁለት" ትባል ነበር፤ ቁጥር አንድን ያየ ሰው የለም። ጥንት ነጋዴዎች በባሮ ወንዝ ቡና ያመላልሱባት የነበረች የእንፋሎት መርከብ ናት። ጋምቤላ ዳር ዝጋ፣ ሆዷ ሣር አብቅሎ ተገኘች። ጦርነቱ ወደዚያ ሲዞር፣ መንገዱም በዝናብና በፈንጂ ሲቆረጥ፣ ጎን ለጎኗ ላሜራ በየዱላት፣ አፍንጫዋ ላይ አንድ ዲሽቃ መትረየስ ተከሉባትና ዘመተች። አሥራ አራቱ ባልደረቦቿ "እሜቴ" አሏት። ሳይለምኗት አትነሳም፤ ስትነሳም እያቃሰተች ነው።

እሜቴ እንጨት ትበላ ነበር። ግማሽ ቀን ሄዳ ግማሽ ቀን ማገዶ ይቆረጥላታል። ቁልቁል ስትወርድ ዱቄትና ጥይት፣ ሽቅብ ስትመለስ ቁስለኛ ትጭናለች። ደረቁ እንጨት ያለቀ ዕለት ከወንዙ ዳር መንደሮች የማንጎ ዛፍ ቆርጠዋል፤ አንድ ሁለቴም የጎጆ ምሰሶ ነቅለዋል። ሴቶቹ አይጮሁም። ልጆቻቸውን ይዘው ዳር ቆመው፣ ቤታቸው በጭስ ማውጫው ሲወጣ ያያሉ። ክንፉ ስለ ጦርነቱ ሲጠየቅ ከተኩሱ በፊት የሚመጣበት የነዚያ ሴቶች ዝምታ ነው።

እሳቱን የሚያነዱት ሁለት ነበሩ። ክንፉ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ቦይለር ላይ ሲሠራ ተመልምሎ የመጣ ነው። ገረመው ደግሞ አዲስ አበባ የአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ እንፋሎት ይጠብቅ ነበር፤ ሚስቱን ካሳነሽንና የሁለት ዓመት ሴት ልጁን ትቶ ነው የዘመተ። አራት አራት ሰዓት ይፈራረቃሉ። አንዱ ላቡን አንጠፍጥፎ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ፊታቸው ከጥላሸት የተነሳ አንድ ስለሚሆን የመርከቧ አዛዥ ሻምበሉ እንኳ በድምፅ ነበር የሚለያቸው፤ የሚዘፍነው ገረመው፣ ዝም የሚለው ክንፉ።

ይህ ሁሉ ተረስቶ ሊቀር ይችል ነበር፤ ፅጌረዳ ባትመጣ።

ፅጌረዳ የገረመው ልጅ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት ዲቪ ደርሷት መጣች፤ ሳን ሆዜ ውስጥ የአረጋውያን መኖሪያ ነርስ ናት። አንድ ለቅሶ ቤት ሀብተሥላሴ እንደ ልማዱ "የወንዝ ኃይል" እያለ ክንፉን ሲያበሽቀው ሰማችና የያዘችውን ሻይ አስቀምጣ ቀረበች።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ባሮ ላይ ነበሩ እንዴ? አባቴ እዚያ ነው የሞተው። እሜቴ በምትባል መርከብ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ትመጣለች። ሽሮውን፣ ምስሩን በፕላስቲክ ዕቃ ሞልታ ታመጣለች፤ ፍሪጁን ታጸዳለች፤ መድኃኒቱን በየቀኑ ከፍላ ትደረድርለታለች፤ ዶክተሩ ጋ ኮል ታደርግለታለች። "አባቴን ባገኘው ኖሮ ይህን አደርግለት ነበር" ብላ ጀምራ ሳትጨርስ ተወችው አንድ ጊዜ። እሱም ደግ ደጉን እየመረጠ ይነግራታል። እንዴት እንደሚዘፍን፣ አዞ አይቶ እንዴት እንደሮጠ፣ የሷን ፎቶ ጭስ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎ ኮፍያው ውስጥ እንደሚይዘው። ሳን ሊያንድሮ ባለችው ሁለት ክፍል ውስጥ፣ በስድሳ አምስት ዓመቱ፣ ልጅ አገኘ። የሚፈራውም አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አባቷ እንዴት እንደሞተ አውቃ በዚያ በር የምትወጣበትን ቀን።

በየካቲት መጨረሻ የመጣች ዕለት ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ዘንድሮ አርባ ዓመቱ ነው። ተዝካሩ ወጥቶለት አያውቅም። እማዬ እምቢ ብላ ነው የኖረችው። አሁን እኔ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ላወጣለት ነው። እርስዎ ቆመው እንዲናገሩለት እፈልጋለሁ።"

"ጥሩ ነው ልጄ። እናትሽ ለምን እምቢ አለች?"

ስልኳን አውጥታ ሰጠችው። የቢጫ ወረቀት ፎቶ ነው፤ እናቷ ከሳጥኗ አውጥታ ጎረቤት ፎቶ አንስቶ የላከላት። ክንፉ መነጽሩን አደረገ። "... እሳት አንዳጅ ገረመው የቦይለሩን ማስተንፈሻ በራሱ ፈቃድ በሽቦ በማሰር በፈጸመው የጥንቃቄ ጉድለት በራሱና በንብረት ላይ ..." ከታች ሦስት የምስክር ፊርማ አለ። መካከለኛውን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ጅራቱ ወደ ላይ የሚቆለመም፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ጎልማሳ ፊርማ ነበር።

"እማዬ ይህን ተቀብላ ነው የኖረችው" አለች ፅጌረዳ። "ሰፈሩ ሁሉ 'ጓደኞቹን ሊያስፈጅ ነበር' ይል ነበር። እኔን ትምህርት ቤት 'የአፈንጂው ልጅ' ይሉኝ ነበር። እርስዎ አንድ ቀን እንኳ ግዴለሽ ነበር ብለውኝ አያውቁም። ብቻ አንድ ነገር ይንገሩኝ። እውነት እሱ ነው ያሰረው?"

ክንፉ ስልኩን መለሰላት። "ጊዜው ረጅም ነው" አለ። "ልጄ፣ ዛሬ ራሴን አሞኛል። በሚቀጥለው እንነጋገር።"

ግንባሩን በእጇ ዳበሰችው፤ ሙቀት እንደሌለው አይታ ሻይ አፍልታለት ሄደች።

ያ ሁለት ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እሱም አያውቀውም። ሐሙስ ሀብተሥላሴ "ዛሬ ደግሞ ሰርጓጅ መርከብ ሆነሃል፤ ድምፅህ የለም" ሲለው እንኳ አልመለሰለትም። ቤቱ ገብቶ ካፖርቱን እንደለበሰ ይቀመጣል፤ የጎረቤት ራዲያተር በግድግዳው ውስጥ ኳ፣ ኳ ሲል ወደዚያ ወንዝ ይወስደዋል።

ቅዳሜ መጣ። ፅጌረዳ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዕቃዋን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ፣ "ተቀመጪ" አላት። "እስክጨርስ አታቋርጪኝ። ካቋረጥሽኝ መልሼ አልጀምረውም።"

ተቀመጠች።

"እሳት አንዳጅ ሲለዋወጥ ርክክብ የሚባል ነገር አለ። የሚወጣው ይጮሃል፤ 'ውሃ ግማሽ፣ እሳት ሙሉ፣ ማስተንፈሻ ነፃ' ብሎ። የሚገባው 'ተረክቤያለሁ' ይላል። ይህን ሳይባባሉ አካፋ ከእጅ ወደ እጅ አይሄድም። ማስተንፈሻ ማለት እንፋሎቱ ሲበዛ ራሱ ተከፍቶ የሚያስወጣው ነው። ቦይለሩ ነፍሱ እዚያ ናት።"

"እሺ።"

"እኔና አባትሽ ግን ተኮራርፈን ነበር። ስምንት ቀን።"

በምን እንደተኮራረፉ ነገራት። ደብረ ዘይት የተዋት አንዲት ልጅ ነበረች፤ አምስት ወር ሙሉ ደብዳቤ ጠበቀ፣ አልመጣም። ፖስታ በሚመጣበት ቀን ወንዙ ዳር ሄዶ ይቀመጣል። አንድ ቀን ሁሉም ራት ላይ ተሰብስበው ሳለ ገረመው ማንኪያውን ሳህኑ ላይ እየመታ፣

የባሮ ላይ አዞ ደብዳቤ ይበላል፤
ክንፉ ዳር ተቀምጦ መጣልኝ ወይ ይላል።

ብሎ ዘፈነ። አሥራ ሦስቱም ሳቁ። ሻምበሉ ሳይቀር ሳቀ። ክንፉ ሳህኑን አስቀምጦ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ርክክቡን እንኳ ለግድግዳው ነበር የሚናገረው፤ ቀን ሲገፋ ደግሞ እሱንም ተወው።

"በዘጠነኛው ቀን ከታች ካለ ጦር ሰፈር ቁስለኛ ጭነን ስንመለስ አሸዋ ላይ ተቀረቀርን" አለ። "መጋቢት ነው፤ ውሃው ጎድሏል። ከጫካው ይተኮሳል። ሻምበሉ ከላይ 'ጉልበት ጨምር' ይላል። ማስተንፈሻው ተከፍቶ እንፋሎቱን ያባክንብኛል። ሽቦ አመጣሁና አሰርኩት። እኔ ነኝ ልጄ። በነዚህ እጆች።"

ፅጌረዳ እጆቹን አየች።

"እሜቴ ተንቀጥቅጣ ወጣች። ቁስለኞቹ አጨበጨቡ። ወዲያው የአባትሽ ተራ ደረሰ፤ መሰላሉን ወርዶ መጣ። ሽቦውን መፍታት ነበረብኝ። ባልፈታው እንኳ 'ማስተንፈሻው ታስሯል' ማለት ነበረብኝ፤ ሁለት ቃል ነው። የእሳቱ ብርሃን ሽቦው ላይ ያብለጨልጫል፤ ያየዋል አልኩ በልቤ። እኔ አላናግረውም አልኩ። አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ወጣሁ።"

"እሱ ምንም አላለም?"

ይህን እንዳይጠየቅ ነበር አርባ ዓመት የተሸሸገው።

"ዘፈነ" አለ ክንፉ። "መሰላሉ ላይ ሆኜ ከጀርባዬ ዘፈነ።

እሳት እና ውሃ ተስማምተው ሲሠሩ፣
ሁለት ጥላሸቶች ዝም ብለው አደሩ።

ልታረቅህ ማለቱ ነበር። ሰምቼዋለሁ። ፈገግታዬ መጥቶ ነበር፤ እንዳያይብኝ ብዬ ሳልዞር ወጣሁ። ትንሽ ይልፋ አልኩ። ሲወጣ እታረቀዋለሁ አልኩ።"

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ክንፉ ከመርከቧ ኋላ ቆሞ ፊቱን ሲታጠብ መርከቧ ከሆዷ ጮኸች። ገብቶ ገረመውን ሲያወጣ እንፋሎቱ ክንዱን የላጠበት ጠባሳ እስካሁን አለ፤ ፅጌረዳ ደም ግፊቱን ስትለካ ሁልጊዜ ታየዋለች። ገረመው እስኪመሽ አልቆየም። ቦይለሯ የፈነዳባት እሜቴ እንደ ግንድ ተንሳፍፋ ያንኑ አሸዋ ተመልሳ ያዘች፤ በሁለተኛው ቀን በሞተር ጀልባ ተጎትታ ጋምቤላ ገባች፤ ዳግመኛም ጭስ አልወጣትም። ገረመውን ወንዙ ዳር ቀበሩት። መርማሪ ሲመጣ ሻምበሉ ክንፉን ለብቻው ጠርቶ፣ "የሞተ ሰው አይታሰርም፤ አንተ ግን ትረሸናለህ" አለው። ወረቀቱን ዘረጋለት።

"መካከለኛው ፊርማ የኔ ነው" አለ ክንፉ።

ፅጌረዳ ስልኳን አላወጣችም። ፊርማውን በልቧ እንደምታውቀው ሁሉ ጠረጴዛውን አየች። ውጭ የአውቶቡስ ድምፅ መጥቶ ሄደ።

"ስድስት ዓመት ሙሉ ምግብ ሳመላልስልዎት" አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። "ስድስት ዓመት ጋሼ።"

"አዎ።"

"አዲስ አበባ አሁን ከምሽቱ አንድ ሰዓት አልፏል። እማዬ አልተኛችም።" ደወለች፤ ስፒከር አድርጋ ስልኩን መካከላቸው አኖረችው። "ለሷም ይንገሯት። እኔ አልነግራትም። እኔ ይህን መሸከም አልችልም።"

ስልኩ ተነሣ። የቴሌቪዥን ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ጠፋ። "ፅጌዬ፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። አንድ ሰው ሊያነጋግርሽ ነው።"

ክንፉ አፉን ከፈተ፤ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። የመጣለት ያ የርክክብ ቃል ብቻ ነበር። "ወይዘሮ ካሳነሽ" አለ፣ "ክንፉ እባላለሁ። ውሃ ግማሽ፣ እሳት ሙሉ፣ ማስተንፈሻው በሽቦ ታስሯል። ያሰርኩት እኔ ነኝ። ለገረመው አልነገርኩትም። ወረቀቱ ላይ ያለው ውሸት ነው፤ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ሁለቱም ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

"ክንፉ?" አለች አሮጊቷ። "ደብዳቤ የሚጠብቀው ክንፉ?"

"አዎ እመቤቴ።"

"አውቅሃለሁ። የመጨረሻው ደብዳቤው ላይ አለህ። 'ክንፉን በዘፈን አስቀይሜዋለሁ፤ ለፋሲካ ፈቃድ ስናገኝ ቤት ይዤው መጥቼ እክሰዋለሁ፤ ዶሮ ያዢ' ይል ነበር።" ትንፋሿ ተሰማ። "ዶሮ ይዤ ነበር። ወረቀቱ መጣ።"

ክንፉ ኮፍያውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀው አያውቅም።

"እኔ እኮ አርባ ዓመት ሙሉ ስቆጣው ነው የኖርኩት" አለች ካሳነሽ። "ሌሊት ስነቃ፣ ልጄ በታመመች ቁጥር፣ 'ምነው ብትጠነቀቅ፣ ምነው እኛን ብታስብ' እያልኩ ሟቹን ስቆጣው። ፎቶውን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር። ይህን ማን ይመልስልኛል?"

ክንፉ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"ለልጄ ስጣት።"

ፅጌረዳ ስልኩን ይዛ ኮሪደር ወጣች። ቃሉ አይሰማም፤ የድምፁ መውጣትና መውረድ ብቻ በበሩ ሥር ይመጣል። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ቦርሳዋን አነሳች፤ ያመጣችውን ምግብ ግን ጠረጴዛው ላይ ተወችው።

"እማዬ ሁለቱንም ግጥም ጽፈው እንዲሰጡኝ ብላለች። ለተዝካሩ።"

"እጽፋለሁ። እኔስ ልምጣ?"

"አላውቅም ጋሼ።" በሩን ይዛ ቆመች። "ዛሬ እስከ ሳን ሆዜ መንዳት መቻሌን እንኳ አላውቅም።"

ሄደች። በዚያች ሰዓት ክንፉ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተጎነበሰ። የአዞውን ስንኝ ጻፈ፤ አሁን ሲያነበው የሚያስቅ ስንኝ ነበር፤ ሰው በዚህ ስምንት ቀን ይኮራረፋል? ሁለተኛውን ጻፈ። ከሥሩም፣ "ማስተንፈሻውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ገረመው አልተነገረውም" ብሎ ጅራቱ ወደ ላይ በሚቆለመመው በዚያው ፊርማ ፈረመ። ፎቶ አንሥቶ ላከላት። ማየቷን የሚያሳዩት ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች መጡ። መልስ የለም።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። የፅጌረዳ መልእክት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ጋሼ አይል፣ ደህና ይሁኑ አይል።

"ተረክቤያለሁ።"

ለተዝካሩ ማንም አልጠራውም፤ እሱም አልሄደም። ሀብተሥላሴ ሄዶ ኖሮ ሐሙስ ነገረው። አንድ ወረቀት ተነበበ አለ፤ ሁለት ግጥም ነበረበት፤ በመጀመሪያው ሰው ሳቀ፣ በሁለተኛው ጸጥ አለ። ከዚያ ልጅቱ የአንድ ሰው ስም ጠርታ የተጻፈውን እስከ ፊርማው ድረስ አነበበች። ሀብተሥላሴ ይህን ሲናገር እንጀራውን አልነካም፤ "የወንዝ ኃይል" ብሎም አልጀመረም። ሒሳብ ሲመጣ ካፖርቱን ትከሻው ላይ አደረገለትና ወጡ።

የፅጌረዳ የፕላስቲክ ዕቃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ክዳኑ ተገጥሞ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አራት ቅዳሜ አልፏል። በየቅዳሜው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ክንፉ ኮፍያውን አድርጎ ከሱ ጎን ይቀመጣል። በግድግዳው ውስጥ የጎረቤት ራዲያተር ያንኳኳል። እሷ በሩን አንኳኩታ እንደሆን እያለ ደጋግሞ ይነሣል፤ ከፍቶም ኮሪደሩን ያያል።